የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ባሕር አያይም። የሚያየው በፈረቃ የሚገቡና የሚወጡ ወጣት ሠራተኞችን፣ ተሳፋሪ የሚሻሙ ባጃጆችን፣ እንዲሁም ይህች ከተማ ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመንም ያልተለያትን ነፋስና አቧራ ነው። ዳሩ ግን በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው በዚህ ፓርክ የሚሰፋው ልብስ በኮንቴይነር ታሽጎ በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ስለሆነ፣ ባሕር ሳናይ የባሕር ጉዳይ ያለን ሰዎች ነን። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወሬያችንን ወደ ባሕር ብንመራው አንባቢ እንግዳ ነገር አድርጎ እንደማይቆጥረው ተስፋ አደርጋለሁ።

በዓለም ላይ ካሉት ውድድሮች ሁሉ እጅግ አስቸጋሪው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ የአገራችን ሰው ማራቶን ነው ይላል። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ ሌላ መልስ የሚጠብቅብንም የለም። ነገር ግን ማራቶን ቢረዝም ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሯጩም ግራና ቀኝ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ አለው። በየአራት ዓመቱ ከፈረንሳይ አገር ሌ ሳብል ዶሎን ከሚባለው ወደብ የሚነሣው ቫንዴ ግሎብ የሚሉት ውድድር ግን ከዚህ ይለያል። አንድ ሰው ብቻውን በሸራ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ወደብ ሳይገባና ከማንም እርዳታ ሳይቀበል ዓለምን ዞሮ ይመለሳል። መንገዱ በአትላንቲክ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ የአፍሪካን ጫፍ አልፎ፣ ከአውስትራሊያ በታች ሰንጥቆ፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ታጥፎ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። በዚያ ሁሉ መንገድ ተወዳዳሪው የሚተኛው እየቆራረጠ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ያሸነፈው ቻርሊ ዳላን የተባለው ፈረንሳዊ ይህን ዙር የፈጸመው በ64 ቀን ከ19 ሰዓት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1960 ዓ.ም. ነው። ሰንዴይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ብቻውን ሳያቋርጥ ዓለምን ለዞረ መርከበኛ ሽልማት አቀረበ፤ ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ፤ የፈጸመው ግን አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ሮቢን ኖክስ ጆንስተን የሚባል የ29 ዓመት እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ሰኔ 7 ቀን 1960 ከፋልማውዝ ወደብ ተነሥቶ፣ 312 ቀን በባሕር ላይ ከቆየ በኋላ ሚያዝያ 14 ቀን 1961 ተመለሰ። ከሌሎቹ አንዱ ፈረንሳዊው ሙዋቴሲየ ለማሸነፍ ተስፋ ያለው ሆኖ ሳለ፣ ወደ አውሮፓ መመለሱን ተወና ጀልባውን ወደ ታሂቲ ደሴት አዞረ። ሌላው ክራውኸርስት የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ያልሄደውን መንገድ ሄድኩ እያለ በራዲዮ ሲያስታውቅ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ጀልባው ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች፤ እርሱ ግን አልተገኘም። ኖክስ ጆንስተን ያገኘውን 5,000 ፓውንድ ለዚሁ ሰው ቤተ ሰብ ሰጠ።

ስለዚህ ውድድር የተጻፈው ሁሉ ስለ ሰዎቹ ጀግንነትና ብቸኝነት ይናገራል፤ ተገቢም ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያሸነፈችው ጀልባ፣ ሱሄይሊ የምትባለው፣ ርዝመቷ ዐሥር ሜትር ያህል ሲሆን፣ የተሠራችው በህንድ አገር በቦምቤይ፣ በህንዳውያን አናጢዎች እጅ፣ ቲክ ከሚባለው እንጨት ነበር። ዓለም ያጨበጨበው ለመርከበኛው ነው። በዚያ ሁሉ ማዕበል ሳትፈርስ የመለሰችው ግን የቦምቤይ አናጢዎች ሥራ ናት። የአንዳቸውንም ስም የሚጠራ ሰው አልሰማሁም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፤ በዚያው ዓመት የኛም ነገር ውቅያኖስ ላይ ወጥቶ ነበርና።

ኖክስ ጆንስተን ፋልማውዝ በገባ በ33ኛው ቀን፣ ማለት ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ከሞሮኮ አገር ከሳፊ ወደብ አንዲት መርከብ ወደ ምዕራብ ተነሣች። ሚስማር የላትም፤ ሳንቃም የላትም። ርዝመቷ 15 ሜትር ያህል የሆነ፣ በገመድ ብቻ የተጠፈረ የደንገል ክምር ናት። ያም ደንገል ከጣና ሐይቅ ዳር የታጨደ ነበር። ስሟ በጥንታውያን ግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስም ራ ተባለ። ባለቤቷ ቶር ሄየርዳል የሚባለው ኖርዌያዊ ተመራማሪ ነው፤ ይህ ሰው ቀደም ብሎ በ1939 ዓ.ም. ኮን ቲኪ በተባለ የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ተጉዞ ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰምቶ ነበር። አሁን ደግሞ ሊያሳይ የፈለገው የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ አትላንቲክን ተሻግረው አሜሪካ ሊደርሱ ይችሉ እንደነበረ ነው። (ይቻል ነበር ማለትና ተደርጓል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንባቢ አይስተውም፤ ብዙ ሊቃውንት በዚህ ነጥብ ሄየርዳልን ተቃውመውታል፤ በኔም አሳብ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው። ሆኖም ግን ሙከራው ከክርክሩ ይበልጥ የሚጠቅም ሆኖ አገኘዋለሁ።)

ደንገሉ ስለ ምን ከጣና ተወሰደ ቢሉ፣ ለወረቀትም ለመርከብም ደንገልን በጥንት ዘመን የተጠቀመችበት ግብፅ ራሷ ተክሉን አጥታው ስለነበር ነው። በጣና ግን ዛሬም ይበቅላል፤ የሐይቁ ሰዎችም ከእርሱ ታንኳ ይሠራሉ፤ የታንኳው ፊትና ኋላ ቀና ማለቱ በግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሣሉትን ጀልባዎች ያስታውሳል። እንግዲህ 12 ቶን ያህል ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ ወደ ግብፅ ተላከና፣ መርከቧ በጊዛ በፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠራች። ሠሪዎቹ በቻድ ሐይቅ ላይ የደንገል ጀልባ መሥራት የሚያውቁ የቡዱማ ሰዎች ነበሩ።

የደንገልን ጠባይ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገር። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ልጡን ቢገልጡት ውስጡ ነጭና ስፖንጅ የሚመስል፣ አየር የሞላበት ነው። ስለዚህ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ሲጠጣም ይከብዳል፤ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል። የጣና ታንከኛ ከሐይቁ ሲወጣ ታንኳውን ተሸክሞ ወደ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የውጭ አገር ሊቃውንትም ጥቂት ቁራጭ ደንገል በገንዳ ውስጥ ነክረው፣ መርከቧ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ትሰጥማለች ብለው ፈረዱ። ሊቃውንቱ የነከሩት ግን ቁራጭ ነበር። ውኃ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው፤ ጫፉ ጠብቆ ሲታሰርና በሺህ የሚቆጠር አገዳ በአንድነት ሲጠፈር፣ ደንገሉ ውኃ ነክቶት ሲያብጥ እርስ በርሱ ተጨናንቆ ለውኃው መግቢያ ይነሣዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ለሚለው ተረት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ራ በሁለት ሳምንት አልሰጠመችም። ስምንት ሳምንት ያህል ሄደች፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህልም ተጓዘች። ይሁን እንጂ ባርቤዶስ ደሴት ለመድረስ ጥቂት ቀኖች ሲቀሯት ነፋሱ የሚመታው ጎኗ ውኃ ጠጥቶ አዘነበለ፤ ገመዶቹም እየተፋተጉ ተበጠሱ፤ ሰዎቹ ወደ ሌላ ጀልባ ተዛወሩና እርሷ ተተወች።

የመጥፊያዋ ምክንያት በእውነት የሚያስገርም ነው። ግብፃውያን የሣሏቸው የደንገል መርከቦች የኋላ ጫፋቸው ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ከዘራ እጀታ ወደ ውስጥ የተቆለመመ ሲሆን፣ ከቁልምሙ ጫፍ አንድ ገመድ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የራ ሰዎች ይህን ገመድ በሥዕሉ ላይ አይተውታል። ግን ቁልምሙ ቅርፁን እስኪይዝ ድረስ የሚያገለግል መሰላቸው፤ ቅርፁን ከያዘም በኋላ ገመዱ ለመተላለፊያ ስላስቸገረ አስወገዱት። ውቅያኖስ ላይ ከወጡ በኋላ ግን የመርከቧ የኋላ ክፍል ቀን በቀን ወደ ውኃው ጎበጠ፤ ማዕበሉም እየተንደረደረ ወለሉ ላይ ይወጣ ጀመር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ገመዱ ቁልምሙን ወደ ታች ለመሳብ የተሠራ አልነበረም፤ ወለሉን ወደ ላይ የሚስብ ነበረ። ያ ሁሉ ጥምዝ ጌጥ ሳይሆን ለመርከቧ የኋላ ክፍል እንደ ሞላ ሆኖ የሚያገለግል መሣሪያ ኖሯል። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ በግድግዳ ላይ ተሥሎ የኖረውን ይህን ነገር ስንት የተማረ ሰው አይቶ ጌጥ ነው ብሎ አልፎት ይሆን?

ሄየርዳል በሚቀጥለው ዓመት ደገመው። ሁለተኛዋ ራ 12 ሜትር ያህል የምትረዝም ሆና፣ ደንገሏም እንደገና ከኢትዮጵያ ሄዶ፣ በደቡብ አሜሪካ ቲቲካካ ከሚባለው ሐይቅ በመጡ በአይማራ ሰዎች እጅ በሳፊ ተሠራች። ገመዱም በቦታው ነበረ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥታ ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ ገባች፤ በ57 ቀን 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። በመንገድም መርከበኞቹ በየዕለቱ ባሕሩን እየተመለከቱ ጽፈው፣ ከ57ቱ ቀኖች በ43ቱ ላይ የረጋ የዘይት ጓል በውቅያኖስ ላይ ተንሳፎ ማየታቸውን ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታወቁ። የባሕር መበከል በዓለም ጉባኤ ላይ መነጋገሪያ ይሆን ዘንድ ከረዱት ወሬዎች አንዱ ይህ ነበር፤ ወሬውንም የተሸከመው የኛ ደንገል ነው።

ደንገሉ የኛ ነው። ሰዎቹስ? በመጀመሪያዋ ራ ላይ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ኖርዌያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ሩሲያዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ሜክሲካዊ፣ ግብፃዊና የቻድ ሰው። በሁለተኛይቱ ላይ የቻዱ ሰው ቀርቶ የሞሮኮና የጃፓን ሰዎች ተጨመሩ። ሄየርዳል ሰዎቹን ከየአገሩና ከየሃይማኖቱ የመረጠው ሆነ ብሎ ነበር፤ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ነበር የሚሄዱት። ከነዚህ ሁሉ መካከል አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። እኛ አጭደን ላክን።

ይህን የምጽፈው ሄየርዳልን ለመክሰስ አይደለም፤ ሠሪና ተሳፋሪ መምረጥ የራሱ መብት ነበረ። የሚቆረቁረኝ እኛው ዘንድ ያለው ነገር ነው። በከተማችን ስለ ደንገል ታንኳ ቢነሣ አብዛኛው ሰው የድኻ መጓጓዣ፣ ለቱሪስት ፎቶግራፍ የሚበጅ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። ታንከኛውን አዋቂ ነው የሚለው የለም። ውቅያኖስ ለአፍሪካ ሰው አይሆንም የሚል ካለም፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የሆነውን ልንገረው። የ1960ውን ውድድር ለማስታወስ በሚደረገው፣ ሳተላይት መመልከት በማይፈቀድበት፣ በፀሐይና በከዋክብት ብቻ መንገድ በሚፈለግበት የጎልደን ግሎብ ውድድር አንደኛ የወጣችው ኪርስተን ኖይሼፈር የምትባል የደቡብ አፍሪካ ሴት ናት። ብቻውን ዓለምን በሚዞር ሰው ውድድር ሴት ስታሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያውም በህንድ ውቅያኖስ ላይ ጀልባው የሰጠመችበትን ፊንላንዳዊ ተወዳዳሪ ከሞት አውጥታ ነው።

የሄየርዳል ወሬ እንደገና ወደኛ ሠፈር የተጠጋው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ አመጣጡ ግን የሚያስደስት አልነበረም። በኢራቅ አገር በተሠራች ትግሪስ በምትባል ሌላ መርከብ ከዐሥር ባልደረቦቹ ጋር ተሳፍሮ፣ አምስት ወር ያህል በፋርስ ባሕረ ሰላጤና በህንድ ውቅያኖስ ተጉዞ፣ ወደ ቀይ ባሕር ለመግባት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በአፍሪካ ቀንድና በቀይ ባሕር ዳርቻ በሁሉም በኩል ጦርነት ስለነበረ መግቢያ አጣ። በመጨረሻም መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. በጅቡቲ ደጃፍ ደኅና የምትንሳፈፈውን መርከቡን በእሳት አቃጠላት፤ ለዚህ አካባቢ የጦር መሣሪያ የሚያጎርፉትን ታላላቅ መንግሥታት በመቃወም ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ደብዳቤ ጻፈ። ዛሬ የአዳማ ኮንቴይነር በባቡርና በከባድ መኪና የሚወርደው ወደዚያው ወደ ጅቡቲ ነው። አንዲት መርከብ በዚያ ስትነድ አገራችን በወሬው ውስጥ የገባችው በጦርነት ስሟ ብቻ ነበር።

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይደክመው ባቱ ከተማ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ይደርሳል። በሐይቁ ውስጥ ባሉት ደሴቶች፣ ከሁሉ በሚበልጠው በቱሉ ጉዶም ላይ፣ የዛይ ሕዝብ ይኖራል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚህ ደሴት ሸሽታ ተቀምጣ ነበር የሚል ትውፊት አላቸው። ከሐይቁ ዳር በሚበቅለው ተክል ታንኳ መሥራትንም ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። ዛሬ ግን የሞተር ጀልባና የሳንቃ ጀልባ በዝቷል፤ የሐይቁ ውኃ ለአበባ እርሻና ለመስኖ ይሳባል፤ ዳርቻው ይታረሳል። በአዳማ ጎረቤት በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ታየ፤ በዳርቻው የደንገሉን ቦታ ይሻማል። ደንገሉ ሲሄድ ታንኳ ሠሪውም ይሄዳል። እርሱ የሚያውቀውም በወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ደንገል በስንተኛው ወር ይታጨዳል፣ ስንት ቀን ይደርቃል፣ ገመዱ በየስንት ክንድ ይታሰራል፣ የትኛው ገመድ ሲላላ ታንኳው ይጎብጣል?

ስለዚህ ለዝዋይ፣ ለመቂ፣ ለአዳማና ለባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥ፤ አስተማሪ ሥራ ሳይሰጥ አያድርምና። ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት እስር የደረቀ ደንገል፣ ደንገል ካልተገኘም ፊላ አዘጋጁ። አንዱን በአራት ቦታ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሁለቱንም ጫፎቹን በገመድ ጠቅልሉ። ሌላውን አላልታችሁ በአንድ ገመድ ብቻ እሰሩት። ሁለቱንም በአንድ ቀን ውኃ ላይ አኑሩና በየማለዳው አውጥታችሁ በባለ ሱቅ ሚዛን መዝኑ፤ ቁጥሩንም በደብተር ጻፉ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ወደ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ ሂዱና፣ የትኛው ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቁ፤ መልሱንም ከነስማቸው መዝግቡ። በቆቃ የምትሞክሩ ጉማሬውንና አዞውን ተጠንቀቁ፤ በርሜል ውስጥ ማድረግም ይበቃል። የሽማግሌውን ግምትና የሚዛኑን ቁጥር ጎን ለጎን ጽፎ ለዚህ ዓምድ የሚልክ ተማሪ ቢኖር፣ የእርሱንም የሽማግሌውንም ስም አስፈቅጄ አወጣዋለሁ።